ሐኪም፣ የትንኝ ባለሙያና የውሃ መሐንዲስ በአንድ ጥናት፦ ከጥያቄ እስከ ኅትመት ደረጃ በደረጃ

ፕሮፖዛሉ ላይ አምስት ሙያ ተዘርዝሯል። ሥራው ሲጀመር ግን ሁሉም የየራሱን ፎርም ይዞ፣ በየራሱ ቀን ፊልድ ይወጣል። ከዓመት በኋላ አምስት ፋይል በኢሜይል ይመጣል። ፋይሎቹ አይገናኙም። አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በፈረንጅ። አንዱ ሰው ቆጥሯል፣ ሌላው ቤት ቆጥሯል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ጽሑፍ አሳትሞ ይለያያል።

ይሄ የሚሆነው ሰዎቹ ስለማይስማሙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቡና አብረው የሚጠጡ ናቸው። የሚጎድለው ፊልድ ከመወጣቱ በፊት ወረቀት ላይ መስፈር የነበረበት ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። ደረጃ 3ን እና ደረጃ 6ን ደግሞ ፈጽሞ አትዝለሉ።

የምንይዘው ምሳሌ

ከላይ እስከ ታች የከተማ ወባን ይዘን እንሄዳለን። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ የደቡብ እስያ ትንኝ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ የመረመረ ጥናትም ከዚሁ ትንኝ ጋር አያይዞታል። የለመድነው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ዝናብ ሲጥል በሚያቁር ውሃ ይራባል። ይሄኛው ግን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ስለዚህ "እዚህ ከተማ ወባ ለምን በዛ?" የሚለውን ሐኪም ብቻውን አይመልሰውም። ትንኙን የሚለይ ሰው ይፈለጋል። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። እናቶች በርሜሉን ለምን ክፍት እንደሚተዉት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥም ይፈለጋል። እናንተ የምታጠኑት ዝሆኔን ወይም የእብድ ውሻ በሽታን ከሆነ ስሞቹን ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ፕሮፖዛል ሳይሆን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው፦ ፕሮፖዛሉ አልቋል፣ ማስገቢያው ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከዚያ የሰውን አኗኗርና ልማድ ለሚያጠናው አንትሮፖሎጂስት ይደወልለታል። "ስምህን አስገብተነዋል፣ አንድ ገጽ ብቻ ጻፍልን።" ያ ሰው ከዚያ በኋላ እንግዳ ነው። ስብሰባ ላይ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል።

1. ጥያቄያችሁን በግማሽ ገጽ ጻፉ። ዘዴ አትጻፉ፣ በጀትም አትጻፉ።
2. እያንዳንዱን ሰው ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ለየብቻ አግኙት። በቡድን ከጠራችኋቸው ትልቁ ፕሮፌሰር ይናገርና ሌላው ዝም ይላል።
3. ሦስት ነገር ጠይቁ። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ከአንተ ሙያ የሚታይህ ምንድን ነው? የትኛው ክፍል ስህተት ነው? የአንተን ድርሻ በትክክል ለመሥራት ስንት ሳምንት ትፈልጋለህ?
4. ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ግማሽ ገጹን እንደገና ጻፉ።

የሚሠራ መሆኑን የምታውቁት ጥያቄው ሲለወጥ ነው። ሐኪሙ "የአጎበር አጠቃቀም በከተማው" ብሎ ይጀምራል እንበል። የትንኝ ባለሙያዋ ትንኙ ሰው ሳይተኛ በምሽት ሊነክስ እንደሚችል፣ ከብት ቤት ውስጥም እንደሚያርፍ ታነሳለች። መሐንዲሱ ውሃው በፈረቃ እንደሆነ ይናገራል። ጥያቄው "ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የሚጠራቀም ውሃና ወባ ምን ያገናኛቸዋል?" ወደሚል ይዞራል። ጥያቄያችሁ ከአራት ሰው ጋር ተነጋግራችሁም ካልተለወጠ ያደረጋችሁት ማስፈረም እንጂ መመካከር አይደለም።

*ጊዜ ከሌለስ?* አምስት ሙያ አትሰብስቡ። ሁለት በቂ ነው። ሁለት ሙያ በደንብ የተገናኙበት ጥናት፣ አምስት ሙያ ተደርድረው ከተቀመጡበት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የሚጎድለውን ሰው ፈልጉ

ጥያቄውን ቆራርጡና በእያንዳንዱ ቁራጭ ፊት አንድ ስም ጻፉ። ቁራጭ የሌለው ስም ካለ በትሕትና አሰናብቱ። ስም የሌለው ቁራጭ ካለ ሰው ፈልጉ። ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ ይረሳሉ።

አንደኛው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። የሚጠራው ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚረዳው ነገር ትንሽ ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ 384 የሚለውን ቁጥር ያላየ የለም። 10 በመቶ ተጨምሮበት 422 ወይም 423 ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ሐሰት አይደለም። 50 በመቶ ግምት፣ 5 በመቶ የስህተት ክልል፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት ሲባል የሚወጣ ነው። ችግሩ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው፦ በዕጣ ከተመረጡ ሰዎች ስንት በመቶው እንዲህ ነው ለሚል። 384ቱ ሰዎች ከ80 ቤት ከመጡ የትንኝ ባለሙያዋ በእጇ ያላት 80 ቤት ነው። የአንድ ቤት ሰዎች ደግሞ ይመሳሰላሉ፣ አንድ በርሜል ነው የሚጠጡት። ስለዚህ የናሙናው ብዛት ለሰው፣ ለቤትና ለውሃ ማጠራቀሚያ ለየብቻ ይሰላ።

ሁለተኛዋ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። "መንገድ መሪ" አድርጋችሁ አትውሰዷት። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ቤት ከሰዓት እንደማይከፈት፣ ባለፈው ዓመት መጥቶ ውጤት ሳይነግራቸው የጠፋው ቡድን የትኛውን መንደር እንዳስቀየመ ታውቃለች። በቡድኑ ስብሰባ ላይ ትቀመጥ። የሰዓቷም ዋጋ በጀት ላይ ይያዝ።

ደረጃ 3፦ የቃላት ቀን

ሙሉ ቀን ያዙ። ለአንድ ቀን ቃላት ብቻ። ሰዎች ያጉረመርማሉ፣ ችላ በሏቸው። እኔ ይሄን ቀን የዘለልኩበት ሥራ ነበር። ለሦስት ወር "ሳምፕሉ 200 ደርሷል" እየተባባልን ደስ ብሎን ቆየን። ላብራቶሪው 200 የደም ጠብታ ማለቱ ነው። እኔ 200 ሰው መስሎኝ ነበር። ከአንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የተወሰደው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሁሉም ሳይነጋገር በወረቀት ትርጉሙን ይጽፋል። ከዚያ ተራ በተራ ይነበባል። የሚከተሉት አምስቱ ቢያንስ ይግቡ፦

ሳምፕል። ለላብራቶሪው ደም ወይም ትንኝ ነው። ለስታቲስቲክሱ የተመረጡት ሰዎች በሙሉ ናቸው። መፍትሔው ቃሉን ማገድ ነው። "የደም ናሙና"፣ "የተመረጡ ቤቶች" በሉ።

ኮንትሮል። ለወረርሽኝ አጥኚው ያልታመመው የንጽጽር ሰው ነው። ለላብራቶሪው ማሽኑ በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው ናሙና ነው። ለትንኝ ባለሙያዋ ደግሞ ትንኙን መቆጣጠር ነው። "ኮንትሮሉ አልሠራም" የሚል መልእክት በቴሌግራም ቢመጣ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይደነግጣል።

ኬዝ። ትኩሳት ያለው ሁሉ ነው? ወይስ በምርመራ የተረጋገጠ ብቻ? በየትኛው ምርመራ? ጉዞ አድርጎ የተመለሰውስ ይቆጠራል? እዚህ ላይ ሐኪሙ ብቻውን አይወስን። ለሶሺዮሎጂ ባለሙያው "ኬዝ" አንድ ሰፈር ሊሆን ይችላል።

ቤተሰብ። ለአንትሮፖሎጂስቱ ዝምድና ነው፣ ጅቡቲ ያለው ልጅም ይገባበታል። ለዳሰሳ ጥናቱ ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። ለትንኝ ባለሙያዋ ጣሪያና ግድግዳ ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ተከራይ ካለ ስንት ቤተሰብ ልትሉ ነው? በርሜሉ የጋራ ከሆነስ? ይሄን ሳትወስኑ ፊልድ ከወጣችሁ እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ የራሱን ሕግ ያወጣል።

ወባ። የሕመሙ ስም ሰው አፍ ላይ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ሰው "ምች መታኝ" ብሎ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። "ባለፈው ወር ወባ ይዞህ ነበር?" ብትሉት "አይ" ይላል፣ አልዋሸም። ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ ደግሞ በኦሮምኛ ቡሳ፣ በሶማልኛ ዱሞ የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚይዝ ከተናጋሪዎቹ ጋር አጣሩ። ጥያቄው ከሕመሙ ስም ሳይሆን ከምልክቱ ይጀምር፤ "ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ነበረህ?" ይባል።

የተስማማችሁበትን በሁለት ገጽ ጻፉና ቀን አድርጉበት። ሁሉም ይፈርም። ከዚያ በኋላ የሚገባ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ይሄን ነው።

*ስምምነት ከጠፋስ?* ድምፅ አትስጡ። ሁለቱንም ትርጉም ያዙና ሁለት ስም ስጧቸው፦ "የተጠረጠረ ወባ" እና "የተረጋገጠ ወባ"። ፎርሙ ላይ ሁለቱም ቦታ ያገኛሉ።

ደረጃ 4፦ ስም፣ ገንዘብና ዳታ ገና በፍቅር ሳላችሁ

ይሉኝታ እዚህ ላይ ይጎዳል። "እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል" የሚል ሰው ይኖራል። ወንድማማቾችም ርስት ሲካፈሉ ሽማግሌ ያስቀምጣሉ። አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ።

የደራሲነት ጉዳይ። በሕክምና ጽሑፎች የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስም ክብደት አለው። በኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ነው። አንትሮፖሎጂስት ብቻውን መጻፍ የለመደ ነው። ስለዚህ "በተለመደው አሠራር" ብላችሁ አትጻፉ፣ የተለመደው የማን ነው? የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው። በሐሳቡ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ማበርከት፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። የመምሪያ ኃላፊ መሆን ከአራቱ አንዱ አይደለም።

ስንት ጽሑፍ እንደሚወጣ፣ የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ደራሲ ማን እንደሆነ ጻፉ። አንድ ሕግ ጨምሩ፦ ዋናው ጽሑፍ ሳይላክ ማንም የራሱን ቁራጭ ለብቻው አይልክም፤ ነገር ግን ዋናው በተባለው ቀን ካልተላከ ሁሉም ነፃ ነው። ያለ ቀነ ገደብ ሕጉ እስር ቤት ይሆናል።

አበል። ፊልድ የሚወጣው አበል ያገኛል። ላብራቶሪ ቁጭ ብሎ እስከ ምሽት የሚሠራው አያገኝም። ይሄ ነገር ማንም ጮክ ብሎ ሳይናገረው ቡድን ያፈርሳል። ገና በጀት ሲሠራ የላብራቶሪውን የትርፍ ሰዓት አስገቡ። የቃለ መጠይቁንም ዋጋ አትናቁ። የ1 ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎሙ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳታ። ማን ይይዛል? ማን ያያል? ሰው ከቡድኑ ቢለቅ ይዞ ይሄዳል? የቤት ጂፒኤስ ያለበት ፋይል የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ "ፍላሽ ላይ ነበር" የሚለው መልስ አያዋጣም።

ደረጃ 5፦ ወቅቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

የወባ ጥናት ሲባል እጃችን በልማድ መስከረም እስከ ታኅሣሥ ላይ ያርፋል። ክረምቱ ሲያልፍ ወባ ስለሚበዛ ነው። ለስቴፈንሲ ግን ይሄ ልማድ ያሳስታል። በርሜል ውስጥ የሚራባ ትንኝ ዝናብ አይጠብቅም። ቧንቧ በማይመጣበት ደረቅ ወቅት ሰው ይበልጥ ውሃ ያጠራቅማል። የትንኝ ባለሙያዋና መሐንዲሱ ዕቅድ ላይ ካልነበሩ ዋናው ወቅት አምልጧችኋል።

1. ዳታ መሰብሰቢያ ወሮቹን በቀለም ምልክት አድርጉ።
2. ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ሥልጠና፣ ሙከራ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የክልልና የከተማ ደብዳቤ። ከውጭ የሚገባ የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል (ሪኤጀንት) ካለ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው።
3. ጾሞችን፣ ረመዳንን፣ የገበያ ቀንንና የዓርብ ጸሎትን አስገቡ።
4. የደም ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱን በዚያው ጊዜ ጀምሩ። ለብቻው ጊዜ ይበላል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሕክምና ሰዎች ብቻ ከሆኑ ለቃለ መጠይቁ ክፍል "የናሙና ስሌት የለም" ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። አትናደዱ። አስቀድማችሁ "ከ20 እስከ 30 ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን፤ አዲስ ነገር መምጣት ሲያቆም እናቆማለን" ብላችሁ ምክንያቱን አስረዱ። ፈቃዱንም በየሙያው አትከፋፍሉ። አንድ ፕሮቶኮል፣ ግን ለደም፣ ለድምፅ ቅጂና ቤት ገብቶ ውሃ ለማየት ለየብቻ "እሺ" ወይም "አይ" የሚባልበት የስምምነት ቅጽ ይዘጋጅ። ደም የሰጠ ሰው ድምፁን ለመቅዳት ፈቅዷል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ይወሰን። በርሜል ለማየት የገባው ሰው በትኩሳት የሚቃጠል ሕፃን ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ለማን ይደውላል? መኪናው ያደርሳል? ስልክ ቁጥሩ ፎርሙ ጀርባ ላይ ይታተም።

ደረጃ 6፦ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ካርታ

ብዙ ጥናት የሚሞተው እዚህ ነው፤ የሚሞተውም በዝምታ ነው። ማንም ሳያውቅ ስድስት ወር ይሠራል፣ ከዚያ ፋይሎቹ አይጣመሩም።

ቁጥር። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቁጥር ስጡ። የቀበሌውን የቤት ቁጥር አትጠቀሙ፤ ድርብ አለው፣ የሌለውም ብዙ ነው። የራሳችሁን ተለጣፊ አስቀድማችሁ አሳትሙ። ያው ቁጥር በደሙ ወረቀት፣ በትንኙ ብልቃጥ፣ በበርሜሉ መዝገብና በድምፅ ቅጂው ላይ ይለጠፍ። ፋይል በስም ለማገናኘት ፈጽሞ አትሞክሩ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ለኮምፒውተር አራት ሴቶች ናቸው። በላቲን ፊደል መሐመድን ስንት ዓይነት እንደምንጽፈውማ አይነገርም።

ቀን። አንድ አቆጣጠር ምረጡ። የእኔ ምክር፦ ሰው የሚጠየቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ፤ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ብቻ። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያየ ሳጥን ይግቡ። በአንድ ሳጥን 30/6/2014 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ያ የካቲት 30 ነው፤ በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 2022። ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል ግን ጁን 30 ቀን 2014 አድርጎት ዝም ይላል። 30/2/2014 ከሆነ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበለውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች ፎርሙ እስከ 13 መቀበል አለበት። 12 ላይ ከቆመ መረጃ ሰብሳቢው ጳጉሜን ወይ ነሐሴ ወይ መስከረም ያደርጋታል።

ሰዓት። የትንኝ ወጥመድ ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ተተከለ። ሰብሳቢው "2 ሰዓት ላይ ብዙ ያዝን" ብሎ ጻፈ። ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ 20:00። ተንታኙ 02:00 ብሎ ካነበበው ሰው ሳይተኛ የሚነክሰው ትንኝ ሌሊት የሚነክስ ትንኝ ይሆናል። ከዚያ "አጎበር ይበቃል" የሚል ምክር ይወጣል። መደምደሚያው ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ፎርሙ ላይ "ምሽት 1–2፣ ምሽት 2–3" እያላችሁ በምርጫ አስቀምጡ። ባዶ ሳጥን አትተዉ።

ካርታ። የውሃ መሐንዲሱ የመስመር ካርታ ብዙ ጊዜ አዲንዳን ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ነው። ስልካችሁ የሚያነበው ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መለኪያ ነው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ከደራረባችሁ ነጥቦቹ ከ100 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። የአንዱ ቤት ሮቶ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታውቁትን አንድ ቦታ፣ የውሃ ታንከር ወይም ድልድይ፣ በሁለቱም አስነብቡና አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ማስተካከያው የመሐንዲሱ ሥራ ነው፣ ያውቀዋል።

ደረጃ 7፦ አንድ ቀን፣ አምስት ቤት፣ ሁሉም ሰው

ሥራው ሳይጀመር የቡድኑ ሙያዎች በሙሉ በአንድ መኪና ይውጡ። ፕሮፌሰሩም ይውጡ። አምስት ቤት ብቻ ሥሩ። አንትሮፖሎጂስቱ ሐኪሙ የሰው ጣት ሲወጋ ይይ። ሐኪሙ በርሜል ውስጥ በባትሪ እያየ እጭ ይፈልግ።

በዚህ ቀን ሦስት ነገር መዝግቡ። አንድ ቤት ስንት ደቂቃ ወሰደ? ማን ማንን አስቆመ? የትኛው ጥያቄ ላይ የቤቱ ባለቤት ሳቀች ወይም ተናደደች? በአንድ ቤት ሁሉም ተከታትለው ሲሠሩ 2 ሰዓት ከፈጀ ማንም እናት ለሁለተኛ ጊዜ በር አትከፍትም። ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ደም መውሰድ መጨረሻ ይሁን፤ ሕፃኑ አንዴ ካለቀሰ ቃለ መጠይቅ የለም።

ማታውኑ የአምስቱን ቤት ዳታ አገናኙ። ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ። አምስት ቤት ካልተገናኘ አምስት መቶ አይገናኝም።

ደረጃ 8፦ ፊልድ ላይ

በየሳምንቱ 45 ደቂቃ ስብሰባ አድርጉ። ዳታ የያዘው ሰው ከእያንዳንዱ ሙያ አምስት መስመር በሰሌዳ ያሳይ። ያልተገናኘ ቁጥር ካለ በዚያው ሳምንት ይፈለግ፤ ቤቱ አሁንም እዚያው ነው፣ ከዓመት በኋላ ተከራዩ ይለቃል።

የደም ጠብታ ያለበት ወረቀት በደንብ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ። ፀሐይ ላይም አይሰጣ። ለየብቻ በከረጢት፣ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ይቀመጥ፤ መምጠጫው ቀለሙን ሲቀይር ይተካ። ይሄን ላብራቶሪው ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ሹፌርም ይወቅ። ናሙናውን መኪና መስታወት ሥር የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

*ሰው ቢለቅስ?* ይለቃል፣ በተለይ ለትምህርት ውጭ የሚሄደው። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው። የሚለቀው ሰው የመጨረሻ ሳምንቱን ተተኪውን በማሳየት ብቻ ያሳልፍ።

ደረጃ 9፦ ውጤቶቹ ሲጣሉ

ይጣላሉ። ካልተጣሉ እጠራጠራለሁ።

እንበል ቃለ መጠይቁ "በርሜላችንን ሁልጊዜ እንከድናለን" ይላል። የትንኝ ባለሙያዋ በእነዚያው ቤቶች በርሜል ውስጥ እጭ አግኝታለች። የመጀመሪያው ፈተና "ሰዎቹ ዋሹ" ብሎ ማለፍ ነው። ተዉት። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቁጥሩን አጣሩ። ቤቱ ያው ቤት ነው? በርሜሉስ ያው በርሜል ነው?
2. ቀኑን አጣሩ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የሄዱት?
3. ቃሉን አጣሩ። "መክደን" ለእናትየዋ ጨርቅ ጣል ማድረግ ሊሆን ይችላል። ለትንኝ ባለሙያዋ ግን ቀዳዳ የሌለው ክዳን ነው።
4. አሁንም ካልተፈታ ሁለቱን ባለሙያዎች *አብረው* ወደ አሥር ቤት ላኩ። አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ፤ የራሱን ይዞ ነው የሚመለሰው።

መልሱ ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ጋ ሊገኝ ይችላል። ውሃው ሌሊት በማይታወቅ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ በርሜሉ ቱቦ ገብቶበት ክፍት ሆኖ ያድራል። ሴትየዋ ትከድናለች፤ ውሃ ሲጠበቅ ግን አትከድንም። ይሄ "ሁልጊዜ" ከሚለውም፣ "ዋሹ" ከሚለውም የተሻለ ግኝት ነው። ለከተማው ውሃ ቢሮ የሚሰጥ ምክርም ይወጣዋል፦ ፈረቃው የታወቀ ሰዓት ይኑረው።

ላብራቶሪና ክሊኒክ ሲጣሉ ደግሞ አትደንግጡ። ፈጣኑ ምርመራ የለም ያለውን የተውሳኩን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር አለ ሊል ይችላል፤ ፒሲአር በጣም ጥቂት ተውሳክ ስለሚያይ ነው። በአገራችን ደግሞ ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም (የአንዱ የወባ ተውሳክ) ዝርያዎች ተገኝተዋል። ሁለቱን ውጤት በሁለት ዓምድ ያዙ። አንዱን በሌላው አትተኩ።

ደረጃ 10፦ መጻፍና መመለስ

በኮሚቴ አይጻፍም። አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ይጻፍ፤ ሌላው ያርም። የአንትሮፖሎጂስቱ ክፍል መጨረሻ ላይ "ሰዎች ምን አሉ" ተብሎ እንዳይለጠፍ ተጠንቀቁ። የበርሜሉ ሠንጠረዥ ከቀረበ ወዲያው የእናቶቹ ምክንያት ይከተል። ጥቅስ ስትመርጡ ግን "በሰፈሩ ብቸኛ ሮቶ ያላት መምህርት" ብላችሁ አትጻፉ። ስሟን ባትጠሩም ጎረቤት ሁሉ አውቋታል።

ለአርትዖት ለሁሉም 10 ቀን ስጡ። በአሥረኛው ቀን መልስ ያልሰጠ ሰው ይደወልለት። ያለ እሱ ይሁንታ ስሙን ይዞ አይላክም፤ ደረጃ 4 ላይ ያለውን ሦስተኛውን የደራሲነት መስፈርት አስታውሱ። የአባት ስም በመጽሔቶች ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ እያንዳንዱ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አድርጎ ለዘለቄታው ይወስን።

ከመታተሙ በፊት ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። ለነዋሪው በቡና ሰዓት፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ለጤና ቢሮው አንድ ገጽ፣ ለውሃ ቢሮው አንድ ካርታ። የሚያቀርበው ሐኪሙ ብቻ አይሁን። ስለ ፈረቃ መሐንዲሱ ሲናገር የውሃ ቢሮው ሰዎች ያዳምጣሉ፤ ሐኪም ሲናገር "ሥራችን ውስጥ ገባ" ይላሉ።

በመጨረሻ ፍሪዘሩን ተመልከቱ። የተረፈው ደምና የደረቀው ትንኝ የማን ነው? ለስንት ዓመት ይቀመጣል? በስምምነት ቅጹ ላይ ለሰዎቹ ምን ብላችኋቸው ነበር? በዚያው መሠረት ዝርዝሩን ጽፋችሁ ፍሪዘሩ በር ላይ ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ የሚደወልለት ሰው ስልክ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅም ለማን እንደሚያስረክብ እዚያው ይጻፍ።